ከማህተሙ ሥር ያለ ዓይን

ዲበኩሉን ፎቶ ማንሳት አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸው ፎቶ የሚነሳው ሰው ነው። ይህን ደንበኛ ፊት ለፊቱ ተቀምጦም ቢሆን ይናገረዋል። አዳማ ውስጥ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ በጫማ መሸጫና በሞባይል ጥገና መካከል ተጣብቃ በቆመች ፎቶ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ልዑልሰገድ "ይህ ሥራ የሚፈልገው ጥሩ ብርሃን ብቻ ነው" ብለውት ነበር። ነፍሳቸውን ይማረውና አታለውታል። ሥራው የሚፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ዲበኩሉ ሲፈጠርም አልታደለውም።

አንዱ ይገባና "ቀላ አድርገኝ" ይላል። "መብራቱን ላስተካክልልህ?" ሲለው "ኧረ መልኬን!" ይላል። ሌላዋ የጓደኛዋን ፎቶ ከስልኳ ላይ ታሳየውና "እንደዚች አርገኝ" ትለዋለች፤ ጓደኛዋን አምጥታ ብታስነሳት ይቀላት ነበር። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ጠባሳውን አስጠፍቶ፣ ጉንጩን አስሞልቶ፣ የተመለጠውን ፀጉሩን አስመልሶ ይሄዳል። በሳምንቱ "ፎቶው አንተን አይመስልም ብለው መለሱኝ" እያለ ዲበኩሉ ላይ ሊጮህ ይመጣል። ሚስቱ ሰብለወንጌል ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ገና ከበሩ "ዛሬስ ከማን ተጣላህ?" ትለዋለች። ሰላምታዋ እሱ ሆኗል።

ከከተማ ወጥቶ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ከቡልቡላ አለፍ ብሎ እስከ አቢጃታ ሐይቅ ድረስ ወሰደችው፤ ሐይቁ ላይ የሚሰፍሩት ፍላሚንጎዎች ከኋላዬ ካልሆኑ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ወፎቹ ሰው ሲጠጋ ይርቃሉ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ትጠጋለች፣ ወፎቹ ይርቃሉ፣ እሷ እንደገና ትጠጋለች። የሐይቁ ዳር ሲያዩት ደረቅ ነጭ መሬት ነው፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ሙሽራውን "ጫማህን አውልቅ" ቢለው "በካልሲ ልነሳ ነው እንዴ?" ብሎ ገባበት። ሦስት ሚዜዎች ጎትተው ሲያወጡት ሰውየው ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሙሽራዋ አጎት ታብሌታቸውን እንደ ትሪ ዘርግተው ሌንሱ ፊት ቆመዋል። "አባቴ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ" ሲላቸው "አንተ ሥራህን ሥራ" አሉት። በመጨረሻ ሙሽራዋ "ለነገሩ ወፎቹን በኮምፒውተር ታስገባቸዋለህ አይደል?" ስትለው ዲበኩሉ መኪና ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ብቻውን ሆኖ እስኪወጣለት ተሳደበ። ወፎቹን ግን አስገባቸው። ምን ያደርጋል?

ሙታን ይሻሉት ነበር፣ ቤተሰብ ባይኖራቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በኋላም ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። ብዙ ሽማግሌ በዕድሜው የተነሳው ፎቶ አንድ ነው፣ እሱም የመታወቂያው። ስለዚህ መታወቂያው ተነቅሎ ይመጣል። የቀበሌ ጸሐፊ ደግሞ ማህተም ሲመታ ለፎቶ አያዝንም፤ ግንባርም ይሁን አፍንጫ ያገኘው ላይ ያሳርፋል። ለዚህ ዲበኩሉ የሚኮራበት ዘዴ አለው። ማህተም ያበላሸውን የፊት ግማሽ ይጥለዋል፤ ንጹሑን ግማሽ ገልብጦ በቦታው ይገጥመዋል። ከዚያ አንድ የባንክ ሠራተኛ ለብሶት ከተነሳው ፎቶ ላይ የወሰደውን ግራጫ ሱፍ ያለብሰዋል፣ ከረባትም ያስርለታል። የከተማው ግማሽ ሽማግሌ ከሞተ በኋላ ያንኑ ሱፍ ለብሷል። ከሟቾቹ እስካሁን ቅር ያለው አልነበረም።

ቀነዓ የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። የቆቃ ልጅ ነው፤ አዳማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው የሚውለው። አንድ ያረጀ መታወቂያ በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

"ጋሼ፣ አባቴ ናቸው። አቶ ገርባ ይባላሉ። እሑድ አርባቸው ነው፤ ቆቃ ድንኳን እንጥላለን። ትልቅ አድርገው ይሥሩልኝ።"

ዲበኩሉ መታወቂያውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ሐምራዊው ማህተም ከግራ ቅንድባቸው እስከ ጉንጫቸው ድረስ ድፍን ብሎ ተኝቷል።

"ሌላ ፎቶ የለም?"

"የለም። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር።"

"እሺ፣ ሐሙስ ና።"

ቀነዓ ግን በእሺ የሚሄድ ሰው አልነበረም። "ሱፍ ያልብሱልኝ። ሽበታቸውን ቀነስ ያድርጉት። ቆዳቸውንም ትንሽ… ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፣ ፀሐይ ጎድቷቸዋል። እሑድ አለቃዬ ይመጣል፣ የሚስቴም ቤተሰቦች ይመጣሉ።" ከሰዓት በኋላ ደውሎ ከረባቱ ሰማያዊ ይሁን አለ። ማክሰኞ ደውሎ ቀይ ይሻላል አለ። ረቡዕ ደውሎ ሰማያዊው ነበር የሚሻለው አለ። ዲበኩሉ ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ማህተሙ ሥር ምን እንዳለ መጠየቅ የነበረበት ያኔ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ናት። እሱ ግን የዚህን ልጅ ድምፅ ዳግመኛ ላለመስማት ነበር የቸኮለው። ቀኙን ገለበጠ፣ ግራው ላይ ገጠመ፣ ሱፉን አለበሰ፣ ጨረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሱ መልቀም ገና አልደረሰም።

ሐሙስ ቀነዓ መጥቶ ፎቶውን ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን አየው። አቶ ገርባ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው፣ ቀላ ብለው፣ በሰማያዊ ከረባት አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ መስለው ያዩታል። ዲበኩሉ "አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው" ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ቀነዓ፤ እጁንም ጨበጠው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ የረካ ደንበኛ ማግኘቱ ነበር። መጠርጠር ነበረበት፤ አልጠረጠረም።

አርብ ጠዋት አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፈው፣ ከባጃጅ ወርደው፣ ደረጃውን በጎን በጎን ወጡ። ነጠላቸው ጥቁር ጥለት አለው።

"አካም ቡልተ፣ ልጄ? ፎቶ ሠሪው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይቀመጡ።"

"ጉዲቱ እባላለሁ። የቀነዓ እናት ነኝ።" ፌስታሉን ገለጡት። የአቶ ገርባ ፎቶ ነው። ዲበኩሉ ደሙ ራሱ ላይ ወጣ።

"እናቴ፣ ደግሞ ምን ጎደለ? ከረባቱ ነው? ሱፉ ነው? ልጅዎ በስልክ ያላዘዘኝ ነገር የለም፣ ያለኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ምን ጎደላቸው ነው የሚሉት?"

"ምንም አልጎደለውም" አሉ አዴ ጉዲቱ። "ችግሩ እሱ ነው።"

ዲበኩሉ አልገባውም። ሴትየዋ ጣታቸውን በፎቶው ግራ ዓይን ላይ አሳረፉ።

"ገርባ ይሄ ዓይን የለውም። ሳገባውም አልነበረውም። አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ይሄን ዓይን አንድ ቀን አላየሁትም። ትናንት ልጄ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ሲሄድ፣ ቤቴ ውስጥ ማን እንደሚያየኝ አላወቅኩም።"

ከዚያ ነገሩን ነገሩት። ገርባ ሃያ ዓመት ሲሞላው ከጓደኛው ከመሐመድሰዒድ ጋር ቆቃ ላይ በአንድ ጀልባ ያጠምድ ነበር። አንድ ቀን መሐመድሰዒድ መንጠቆውን ለመወርወር ወደ ኋላ ሲያነሳ የጓደኛውን ዓይን ያዘው። ዓይኑ ፈሰሰ። ሁለቱ ግን አልተለያዩም፤ ገርባ እስኪሞት ድረስ አርባ ስምንት ዓመት በአንድ ጀልባ ሠሩ፣ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ግን ሚስቱ ሰምታ አታውቅም። ገርባ ከፎቶ የሚሸሸው በዚያ ዓይን ምክንያት ነው። መታወቂያ ሲያወጣ ግዴታ ሆኖበት ተነሳ፤ ጸሐፊዋ ማህተሙን ስታነሳ ግን "እባክሽ እዚህ ላይ ምቺልኝ" ብሎ ቦታውን በጣቱ አሳያት።

ዲበኩሉ አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይከራከራል።

"እንግዲህ እሳቸው ራሳቸው የደበቁትን እኔ ላውጣባቸው?"

"ከሰው ደበቀው እንጂ ከኔ አልደበቀም" አሉ አዴ ጉዲቱ። "ቀነዓ የሱን ድንኳን ውስጥ ያስቀምጥ፣ እንግዶች አሉበት፣ አልቀማውም። ለኔ ግን ትንሽ አርገህ የኔን ሥራልኝ። እሑድ ሁሉም ሰው ሊያለቅስለት ሲመጣ እኔ የሰው ባል ፊት ልቀመጥ?"

"ከየት አምጥቼ፣ እናቴ? ያቺ ዓይን ያለችበት አንድ ፎቶ የለም!"

"እኔ አለሁ።"

በሩን ዘጋና ጀመሩ። ዲበኩሉ ኮምፒውተሩ ላይ የአቶ ገርባን ግራ ዓይን ከደነ። "ሚቲ" አሉ ሴትየዋ፤ አይደለም ማለታቸው ነው። "ይሄ የተኛ ሰው ነው።" ትንሽ ከፈተው። "ሚቲ። ይሄ የሚጠቅስ ሰው ነው።" የላይኛውን የዓይን ቆብ አወረደ፣ የታችኛውን አነሳ፣ ሽፋሽፍቱን ቀነሰ። ሚቲ። አራተኛው ላይ ጥሩ መንገድ ሲይዝ መብራት ጠፋ፤ ያላስቀመጠው ሥራ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ዲበኩሉ የመብራቱን፣ የኮምፒውተሩን፣ የማህተሙን፣ የራሱንም እናት በአንድ ትንፋሽ ሊራገም አፉን ሲከፍት ሴትየዋን አየና ዋጠው። አንድ ሰዓት ቆይቶ መብራት ሲመጣ እንደገና ከሀ ጀመረ። በሰባተኛው ሙከራ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"እንዴት እንደነበረ በደንብ ይንገሩኝ! 'አይደለም' ብቻ ብለው አይሆንም!"

አዴ ጉዲቱ ተነሱና የዲበኩሉን አገጭ በግራ እጃቸው ያዙ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን የግራ ዓይኑ ቆብ ላይ አድርገው ወደ ታችና ወደ አፍንጫው ገፉት።

"እንዲህ። ኤዬ፣ እንዲህ ነው። እንዳትንቀሳቀስ።"

"እንዲህ ሆኜ ኮምፒውተሩን እንዴት ላየው ነው?" አለ ዲበኩሉ። ያኔ የመጣለት ሐሳብ ግን ራሱን አስደነገጠው፤ የራሱን ዓይን ሊያነሳ ነው። ተነስቶ መብራቶቹን አበራ፣ ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አስተካከለ፣ ሰው ሲያስቀምጥበት የኖረው በርጩማ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ በርጩማ ላይ ከተቀመጠ ስንት ዓመት እንደሆነው አያውቅም። መብራቱ እንደዚህ እንደሚያቃጥልም አያውቅም ነበር።

"ቀና በል" አሉት አዴ ጉዲቱ። "አትኮሳተር፣ ገርባ ኮስታራ አልነበረም። ትከሻህን ጣለው። አይ፣ አሁን ደግሞ ሳቅህ!"

"አልሳቅኩም።"

"ሳቅህ። ተው።"

ጣታቸው ቆቡን ገፍቶ ቶሎ ሲነሳ፣ ቆቡ ቦታው ላይ ለአንድ አፍታ ይቆያል፤ በዚያች አፍታ ነው መነሳት ያለበት። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ተነሳ። ቀጥሎ ነጠላቸው። ቀጥሎ እሱ አስነጠሰ። ዓይኑ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ወገቡን አመመው፤ "ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሁለት ደቂቃ ረግቶ መቀመጥ የማይችል" አሉ ሴትየዋ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። በአሥራ ስድስተኛው ተሳካ።

የራሱን ዓይን ከራሱ ፊት ቆርጦ በአቶ ገርባ ፊት ላይ አስቀመጠው፣ ዙሪያውን በእሳቸው ሽብሽብ አለበሰው። አዴ ጉዲቱ ሱፉን አስወለቁት። ከረባቱንም። ሽበቱን አስመለሱ፣ ፀሐይ ያጠቆረውን ቆዳም አስመለሱ። ዲበኩሉ በሙያው ዘመን ሲጨምር እንጂ ሲመልስ ኖሮ አያውቅም፤ እጁ ግራ ተጋባ። ሲጨርስ ከመጽሐፍ የማትበልጥ አድርጎ አሳተማትና ሰጣቸው። ሴትየዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

"ኤዬ" አሉ። "መጣህ።"

ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ዲበኩሉም ሌላ ሥራ እንዳለው ሰው ሽቦ ይጠቀልል ጀመር።

እሑድ ቆቃ ሄደ፤ ቀነዓ ለአርባው ፎቶ እንዲያነሳ ቀጥሮታል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። ትልቁ ፎቶ ባለሁለት ዓይኑ፣ ባለከረባቱ፣ የፕላስቲክ አበባ ከብቦት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ቀነዓ ዲበኩሉን ከወዲያ ወዲህ ያሯሩጠዋል። "አለቃዬን ከፎቶው ጋር ያንሱልኝ። አማቴን ከአለቃዬ ጋር ያንሱልኝ። አይ፣ አማቴ በስተቀኝ!" አለቃው በፎቶው ፊት ጎንበስ ብለው "ግርማ ሞገስ የነበራቸው ሰው ናቸው" አሉ። አዴ ጉዲቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወደ ጠረጴዛው አንዴም አላዩም።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ በአንድነት መጡ። ከፊት ያሉት ቀጭን ሽማግሌ ነጭ ቆብ ደፍተዋል። በቀብሩ ቀን እኚህ ሰው ሳያለቅሱ ጭጭ ብለው ሲቆሙ ያየ ሁሉ ደንግጦ ነበር ይባላል። ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፣ ጠረጴዛው ፊት ደረሱ፣ ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ዘጉት። ዞረው ወጡ። አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ቢለምኗቸው ቢለምኗቸው አልገባም አሉ።

ቀነዓ ሰሐን ይዞ ሮጠ። "ጋሽ መሐመድሰዒድ፣ የእስላም ምግብ ለብቻው ተሠርቷል፣ ያረደውም እስላም ነው…"

"ምግብ አይደለም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ማን አስቀየመዎት?"

ዲበኩሉ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከኋላ ቆሞ ይሰማል።

"አርባ ስምንት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈስኩም" አሉ መሐመድሰዒድ። "ዛሬ ይለፍልኝ፣ ዛሬ ፊቱ ቆሜ ልናገረው ብዬ መጣሁ። እዚያ ያስቀመጣችሁት ሰውዬ ግን ምንም አልሆነም። ሁለት ዓይን አለው። ምን በደልከኝ ብሎ ነው የሚያየኝ። እሱን ይቅር በለኝ ብዬ እንዴት ልለምነው?"

አዴ ጉዲቱ ከድንኳኑ ወጥተው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ከነጠላቸው ሥር ትንሿን ፎቶ አውጥተው በሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጡ፣ አጠገባቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ።

መሐመድሰዒድ አዩዋት። አውራ ጣታቸውን አንስተው በዚያች በወደቀች የዓይን ቆብ ላይ በቀስታ አደረጉ።

"ገርባ" አሉ። "እጄ ነው። የኔ እጅ ነው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።" ከዚያ በቀብሩ ቀን ያልወጣው ለቅሶ ወጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪነሳ ድረስ ጮኸው አለቀሱ።

ዲበኩሉ የገዛ ዓይኑ ይቅርታ ሲለመን ሰማ። የሚገባበት አጣ።

ቀነዓ ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ድንኳኑ ገባ። አለቃውና አማቱ እያዩት ትልቁን ፎቶ ከጠረጴዛው አንስቶ ተሸክሞ ወደ ቤት አስገባው። ተመልሶ መጣና የሽማግሌውን ክንድ ደግፎ አስነሳቸው፣ እናቱንም አስነሳ። ትንሿን ፎቶ በራሱ እጅ ወስዶ አበባው መካከል አቆማት። አባቱ በአሮጌ ሸሚዛቸው፣ በአንድ ዓይናቸው ሰዉን አዩ። ፎቶዋ ከሩቅ የማትታይ ትንሽ ስለነበረች፣ ለቀስተኛው ሁሉ አንድ በአንድ ከወንበሩ እየተነሳ ቀርቦ ማየት ነበረበት።